መልስ፦ የሽምብራ ጓይ ትልን በቫይረስ ስለመከላከል

የተከበሩ ጠያቂ፣ በምንጃር ሸንኮራ ሽምብራዎን የሚያጠቃውን ጓይ ትል ያለ ኬሚካል በቫይረስ መከላከል ይቻል እንደሆነ ለጠየቁት፣ አዎን፣ ይቻላል። ባኩሎቫይረስ የሚባለው ይህ ተሐዋሲ የሚሠራው ትሉ ከቅጠሉ ጋር ሲበላው ብቻ ነው፤ የፕሮቲን ሽፋኑ በትሉ አንጀት ውስጥ ሟሙቶ ቫይረሱን ይለቅቀዋል፣ ከዚያም በሕዋሳቱ ውስጥ እየተባዛ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድለዋል፤ ገላው ፈሳሽ ሆኖ ሲፈነዳም በቅጠሉ ላይ የቀረው ቫይረስ ሌሎቹን ትሎች ይበክላል። ሰውን፣ ከብትንና ንብን አለመጉዳቱ፣ በእኔ እምነት፣ ትልቁ ብልጫው ነው። የፀሐይ ጨረር ስለሚያዳክመው ግን ሲመሻሽ፣ ትሉም ገና ትንሽ ሳለና ፍሬው ውስጥ ሳይገባ ይርጩት። ለተምች የተዘጋጀው ቫይረስ ጓይ ትልን ስለማይገድል፣ ከመግዛትዎ በፊት ለየትኛው ትል እንደተዘጋጀ ያረጋግጡ።