መልስ፦ ሙዚቃን በቀለም የሳለ ሰዓሊ

ሰላም ወዳጄ፣ «ሙዚቃን በደማቅ ቀለም የሚስል ሰዓሊ ጠቁሙኝ፣ ከየትኛው ሥራው ልጀምር?» ላልከው፣ ሳላመነታ ሩሲያዊውን ሰዓሊ ቫሲሊ ካንዲንስኪን ነው የምልህ። ሞስኮ ተወልዶ ሕግ የተማረ ሰው ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ቀርቦለት ነበር፤ እሱን ትቶ በ1896 እ.ኤ.አ. በ30 ዓመቱ ሥዕል ሊማር ጀርመን፣ ሙኒክ ከተማ ገባ። በዚያ ዕድሜ ከዜሮ መጀመር ቀላል አይደለም! ቼሎ (ትልቅ ቫዮሊን የሚመስል ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ) እና ፒያኖ ይጫወት ነበር፤ ሞስኮ እያለም የጀርመናዊውን አቀናባሪ የዋግነርን ኦፔራ ሲሰማ ቀለማት ዓይኑ ፊት ድቅን እንዳሉበት ራሱ ጽፏል።

አሁን ስልክህን አውጣና «ኢምፕሬሽን 3 (ኮንሰርት)» የሚለውን ሥዕል ፈልግ። ጃንዋሪ 1911 ላይ ሙኒክ ውስጥ የኦስትሪያዊውን አቀናባሪ የሾንበርግን ሙዚቃ ሰምቶ ወዲያው የሠራው ነው። ከላይ ያለው ትልቅ ጥቁር ነገር የፒያኖው ክዳን ነው፣ ከሥሩ ወደ እሱ ዘንበል ዘንበል ያሉት ደግሞ አድማጮቹ፣ የቀረውን ሸራ ግን ቢጫ ውጦታል። ያ ቢጫ ግድግዳም መብራትም አይደለም፣ ድምፁ ነው ብዬ ነው የማየው። ለካንዲንስኪ ቢጫ እንደ መለከት ይጮሃል፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ፍሉት ነው፣ ጠቆር ሲል ቼሎ ይሆናል።

በ1920ዎቹ ከሠራቸው ክቦችና ሦስት ማዕዘኖች ግን አትጀምር። ቆንጆ ናቸው፣ ግን ለእኔ በስሌት የተሠሩ ይመስሉኛል፣ የሙኒኮቹ ትኩስ ናቸው። ጀርመን ያለህ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ እዚያው ሙኒክ፣ ሌንባኽሃውስ ሙዚየም ነው ያለው፤ በአካል ሄደህ እየው።