ሰኔ ላይ ወደ ሙምባይ፦ የሕንድ ክረምትና የእናትዎ ጤና

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ለደም ግፊታቸው ሽንት የሚያበዛ ኪኒን፣ ለጉልበታቸው ሕመም ደግሞ ዳይክሎፌናክ ይወስዳሉ። በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሕንድ፣ ሙምባይ፣ ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ልወስዳቸው ነው። እዚያም ክረምት እንደሚገባ ስለሰማሁ ጋቢና ወፍራም ልብስ አዘጋጅቻለሁ። ምን ይቀረኛል?

መልስ፦ ጋቢው ለአውሮፕላኑ ይሁንዎት። ሞንሱን የሚባለው የሕንድ ዝናብ ግን እንደ ጎጃም ክረምት ብርድ ይዞ አይመጣም፤ በሙቀቱ ላይ እርጥበት ይጨምርበታል እንጂ። ሙምባይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ሰኔ 4 ቀን አካባቢ ስለሆነ ጉዞዎ ከመግቢያው ጋር ይገጥማል። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ የሚቀበልዎትን ሙቀት ያስታውሱና ላብ የማይደርቅበት እርጥበት ያክሉበት፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የኖሩ እናትዎ የሚገቡት ወደዚያ ነው።

በዕድሜ የገፋ ሰው ውኃ ቢያጥረውም ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም። ኪኒኑ ውኃና ጨው በሽንት ሲያስወጣ፣ ሙቀቱም በላብ ሲጨምርበት፣ የደም ግፊታቸው ወርዶ ሊያዞራቸውና ሊጥላቸው ይችላል፤ ዳይክሎፌናክ ሲደረብበት ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ይህ ጥምረት ከዝናቡ ይልቅ ያሳስበኛል። መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡባቸው፤ ከጉዞው በፊት የሚከታተላቸው ሐኪም ግፊታቸውን፣ ኩላሊታቸውንና በደማቸው ውስጥ ያለውን ጨው መርምሮ መጠኑን ይወስን።

ጊዜ የማይሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ሕንድ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ መንገደኛ የክትባት የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች፤ ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ የሌለው ሰው እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል፣ ከዚህ በፊት ተከትበው ከሆነ ወረቀቱን ይፈልጉ። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ግን የመጀመሪያው ክትባት፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪሙ ሳያመዛዝን አይወጉ። ክትባቱ አይሆንም ከተባለ፣ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የሕንድን ኤምባሲ ይጠይቁ።

ዝናቡ ከገባ በኋላ የደንጊ ትኩሳት ይበዛል። የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው በቀን ስለሆነ አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ የጥጥ ልብስና ትንኝ የሚያባርር ቅባት ያስፈልጋል። ትኩሳት ከያዛቸው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ አይስጧቸው፤ ፓራሲታሞል ሰጥተው በዚያው ቀን ደማቸውን ያስመርምሩ።

ጎርፍ ውስጥ ደግሞ አይግቡ። በሐምሌ 2005 እ.ኤ.አ. ሙምባይ ላይ በ24 ሰዓት 944 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከወረደ በኋላ፣ በአይጥ ሽንት በተበከለ ውኃ የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ ብዙ ሰው አሟል። የሚጠጡት የታሸገ ወይም የፈላ ውኃ ይሁን፤ ተቅማጥ ቢጀምራቸው ወዲያው የሚሰጧቸው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም በእጅ ሻንጣዎ ውስጥ ይኑር።

ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ወራት ቢያልፉም እንኳ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁን ትኩሳት ቢይዝ «ሕንድ ነበርን» ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ አንዳንዱ ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይነሳል።