ኮቪድ ለቆኝ ድባቴው ለምን አልለቀቀኝም? (መልስ)

«ከኮቪድ ካገገምኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ፣ ሥራ አስጠላኝ፤ ስንፍና ይሆን?» ላልሽው፦ አይደለም እህቴ። ቫይረስ ካለፈ በኋላ ስሜት መውደቁ የታወቀ ነው፤ ከኢንፍሉዌንዛም በኋላ ይታያል።

ከ2 ሳምንት ካለፈ ግን መታከም አለበት። እዚያው ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ሂጂና የደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ ጠይቂ፤ ሁለቱም እንዲህ ያደርጋሉ። ታይሮይዱ እዚያ ካልተሠራ ደሴ መውጣት ነው። ለቅሶሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። «ደከመኝ» ብቻ ካልሽ ቫይታሚን ይዘሽ ትመለሻለሽ።

እኔ ያነቃቃኛል ብዬ በርጫ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሞቅ አለኝ፤ ሌሊቱን ዓይኔ ፈጦ አደረ፤ ጠዋት ባሰብኝ። ጫቱን ተይው።

ሞት ሞት ካለሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ከሰው ጋር ሐኪም ቤት ሂጂ።