ወንጌላዊ ለመሆን ለምታስቡ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በገጠር ወንጌላዊነትና በኋላም በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ወንጌላውያንን በማስተማር ነው። «ጥሪ አለኝ» ብላችሁ ወደ እኔ ስትመጡ አብዛኛውን ጊዜ የምታነሡት የመድረክን ነገር ነው፤ እንዴት ልስበክ፣ ማን ይጋብዘኛል። መጠየቃችሁ ክፉ አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ ግን ፊልጶስን በደንብ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

በአዲስ ኪዳን «ወንጌላዊው» ተብሎ በስሙ የተጠራው እርሱ ብቻ ነው (ሐዋ. 21፥8)። አገልግሎቱን የጀመረው በኢየሩሳሌም ለመበለቶች ማዕድ በማደል ነበር። ስደት ሲነሣ ወደ ሰማርያ ወረደ፤ ሕዝቡም በአንድ ልብ አደመጠው፣ ከተማዋም በደስታ ተሞላች። ልክ በዚያ ሰዓት ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ እንዲሄድ ተነገረው። ያን ሁሉ ሕዝብ ትቶ የሄደው ለአንድ መንገደኛ ነው፤ ለንግሥት ህንደኬ በጅሮንድ (የገንዘብ ኃላፊ)፣ ለኢትዮጵያዊው ጃንደረባ።

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰ፤ ግን አልሰበከም። መጀመሪያ ሰውየው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማው። ቀጥሎ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው። ሲጋበዝ ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ንግግሩንም የጀመረው ሰውየው ከያዘው ከዚያው ክፍል ነው። ካጠመቀው በኋላ ተለያዩ፤ ጃንደረባው ደስ እያለው ወደ አገሩ ጉዞውን ቀጠለ፣ ፊልጶስ ደግሞ እየሰበከ እስከ ቂሣርያ ዘለቀ። «የእኔ ፍሬ ነው» ብሎ አልተከተለውም። ከዓመታት በኋላ ጳውሎስ በእንግድነት ያረፈው በዚሁ ሰው ቤት ነው፤ የባልንጀራውን የእስጢፋኖስን መገደል ተስማምቶበት የነበረው ጳውሎስ! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ቂም የቋጠረ ሰው ያንን በር አይከፍትም።

ከእኛው አገር ደግሞ ኦነሲሞስ ነሲብን አስቡ። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ወንጌልን ይዞ ወደ ወገኖቹ ወደ ወለጋ ለመመለስ ቢሞክርም መንገዱ ተዘጋበት። ተቀምጦ አልቆዘመም፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ ሙሉው በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። እንዳይሰብክ በታገደባቸው ዓመታትም ማስተማሩን አልተወም። አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖም ከባርነት ነፃ የወጣች ልጅ ነበረች፤ የቋንቋውን ቃላት፣ ተረቶቹንና ዘፈኖቹን የሰበሰበች እርሷ ናት። ብዙዎች ረዳቱ ይሏታል፤ ለእኔ ግን ወንጌላዊት ናት። ሕዝቡ በምን ቋንቋ እንደሚያለቅስና እንደሚስቅ ሳያውቁ የምሥራች ማድረስ አይቻልምና።

ወላይታንም አትርሱ። የውጭ ሚሲዮናውያኑ በጣሊያን ወረራ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 ተጠግተው አገኟቸው። ወንጌሉን ከቤት ወደ ቤት ያደረሱት በአብዛኛው ገበሬዎች ነበሩ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ አለኝ። ከተመደባችሁበት ሕዝብ ቋንቋውን ተማሩ፤ በአስተርጓሚ ዓመት አትግፉ። በኮንፈረንስ ጌታን ለመቀበል ስንት እጅ እንደተነሣ ከመቁጠር ይልቅ እነዚያን ሰዎች በሚቀጥለው ወር ማን እንደሚያስተምራቸው ጠይቁ። ከሰው ጋር ስትጸልዩ ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፤ በጌታ ፊት የፈሰሰ ዕንባ ለሕዝብ የሚለጠፍ አይደለም። የሌላውን ቤተ ክርስቲያን በማንቋሸሽ ስብከት አትጀምሩ፤ ፊልጶስ የጀመረው ሰውየው ከሚያነበው ነው።

ለገጠር ምደባ እሺ ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ከአጥቢያችሁ ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ደመወዙን ማን ይከፍላል፣ ልጆች የት ይማራሉ፣ ስትታመሙ የት ትታከማላችሁ። ያገባችሁ ከሆነ የትዳር አጋራችሁም እዚያ ይገኙ። ይህን መጠየቅ እምነት ማነስ አይደለም። ምደባቸውን ጥለው የተመለሱ መልካም ወንጌላውያን አውቃለሁ፤ ብዙዎቹን የመለሳቸው ስደት ሳይሆን አስቀድሞ ያልተነጋገሩበት የቤት ጉዳይ ነው።