ስኳሩን ከመመዘናችሁ በፊት

ልጆች፣ ቤታችሁ ቢራ መጥመቅ የጀመራችሁ እየበዛችሁ ነው፣ ደስ ይለኛል። (21 ዓመት ያልሞላችሁ ግን ይህን አሁን እለፉት፣ የትም አይሄድም።) ዕድሜዬን የጨረስኩት ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ጋዝ እንዲኖረው ጠርሙስ ላይ ስንት ስኳር ልጨምር? እነግራችኋለሁ። ግን ከስኳሩ የሚቀድም ነገር አለ።

ፋብሪካ ቢራውን አጣርቶ ጋዙን በግፊት ያስገባበታል። ቤት ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራላችሁ እርሾ ነው። ትንሽ ስኳር ትሰጡታላችሁ፣ ትከድኑበታላችሁ፣ እሱም በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ጋዙም መውጫ ሲያጣ ቢራው ውስጥ ይሟሟል። ከ1 ግራም ስኳር ግማሽ ግራም ገደማ ጋዝ ይወጣል። እርሾ ግን ይበቃኛል አይልም። የሚበላ ካገኘ ይበላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቢራው ተብላልቶ መጨረሱን እወቁ። አረፋው ጠፋ፣ ጋዝ መውጣቱ ቆመ ብላችሁ አትመኑ፤ እርሾው በርዶት ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ሲሞቀው ይነሳል። ሃይድሮሜትር ግዙ፣ ውድ አይደለም፤ ቢራው ውስጥ ተንሳፍፎ ከውኃ ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው፣ ስኳሩ ሲበላ ቁጥሩ ይወርዳል። ዛሬ ለኩ፣ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ድገሙ፣ ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ጨርሷል። 1.012 ላይ ቆሟል ብላችሁ የከደናችሁት ቢራ ጠርሙስ ውስጥ 1.008 ቢደርስ፣ ያቺ ንቀን የምናልፋት ልዩነት ብቻዋን ስኳራችሁ ከሚሰጠው የበለጠ ጋዝ ትፈጥራለች። ጠርሙስ የሚፈነዳው እንዲህ ነው። ጠጅ በጠርሙስ አሽጋችሁ ለዘመድ የምትልኩም ስሙ፣ ማሩ ገና ተበልቶ ሳያልቅ ነው የምትከድኑት።

አሁን ስኳሩ። 20 ዲግሪ ላይ ለተብላላ መደበኛ ቢራ በሊትር 6 ግራም የገበታ ስኳር ይበቃል፤ ለ20 ሊትር 120 ግራም መሆኑ ነው። በሚዛን ነው የምለው። ማንኪያ እንደ እጁ ነው፣ አንዱ ሞልቶ አንዱ ጎድሎ ይቀዳበታል። በየጠርሙሱ መነስነሱንም ተዉት፣ ለ330 ሚሊ ሊትር 2 ግራም ብቻ ነውና ትንሽ መሳት ብዙ ያበላሻል። ስኳሩን በአንድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ንጹሕ ባልዲ ውስጥ አድርጉ፣ ቢራውን በቱቦ ከታች ወደ ላይ እየሞላ ቀስ ብላችሁ አውርዱበት። አታንቦጫርቁት፣ አየር ከገባበት ጣዕሙ ቶሎ ይሞታል።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያ ያለ የአክስታችሁ ልጅ የላከላችሁ የስኳር ልክ እዚህ ትንሽ ያንሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ዝቅ ይላል፣ ቢራውም ከመከደኑ በፊት በውስጡ የሚይዘው ጋዝ ያንሳል። በሊትር ግማሽ ግራም ጨምሩ፣ በቃ።

ጠርሙሱ ወፍራም፣ ቡናማ፣ በመክፈቻ የሚከፈት ይሁን። በእጅ የሚጠመዘዝ ክዳን ያለውን ተዉት፣ የወይን ጠርሙስማ ጨርሶ አይታሰብም። ቆርኪው አዲስ ይሁን፣ አንገቱ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ባዶ ተዉ። አንዷን የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሌሎቹ ጋር ሙሉ፤ ሆዷን ስትጫኗት ድርቅ ካለች ጋዙ ገብቷል። እኔ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ እሷን አምናለሁ።

ካርቶን ውስጥ ዘግታችሁ 20 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆዩት። በክረምት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ጋዝ አልያዘም ብላችሁ ስኳር ልትጨምሩ እንዳትከፍቱት። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ፍሪጅ፣ አተላው ታች ይቀራል፣ ስትቀዱም እዚያው ተዉት።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲከፈት ቢራው ወደ ጣሪያ ከተተኮሰ ቀሪዎቹን ባዶ እጃችሁን አትንኩ። ወፍራም ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡ። በደንብ ሲቀዘቅዙ ቆርኪውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አስተንፍሱት፣ በአዲስ ቆርኪ መልሳችሁ ክደኑ። አንድ ጠርሙስ ከፈነዳ ግን ካርቶኑ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣሉበት፣ ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ፣ ቢራው ይቅርባችሁ።