ያረጀ ውሻ ሲጠሩት ለምን ወደ ሌላ ይዞራል?

እህቴ፣ ከድሬ የጻፍሽውን አየሁት። «ውሻዬ 13 ዓመት ሞላው። ስጠራው ይሰማኛል፣ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። የአንጎሉ ሴሎች ሞተውበት ይሆን?» ብለሻል።

እኔም ሐረር ውስጥ መቻል የሚባል ሽማግሌ ውሻ ነበረኝ። ድሮ ጅቡ ገና ከጀጎል ግንብ ማዶ እያለ ያውቅ ነበር። ካረጀ በኋላ ግን ጅብ በራችን ላይ ቆሞ፣ እሱ ወደ ጓሮ ዞሮ ይጮሃል። አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ያኔ ነው ስለ ነገሩ ማንበብ የጀመርኩት።

አይዞሽ፣ እርጅና ብቻውን የአንጎልን ሴል በጅምላ አይጨርስም። የሚለወጠው የሴሎቹ አመላለስ ነው። በረሰስ ጦጣዎች ላይ በደንብ ታይቷል። የወጣት ጦጣ የእይታ ሴል መራጭ ነው፤ ለቆመ መስመር ከተነሳ፣ ማለትም ምልክት ከላከ፣ ለተጋደመው ዝም ይላል። ሲያረጅ ለሁሉም ይነሳል። ምንም በማይታይበት ጊዜ እንኳ ይንጫጫል። ምክንያቱ የፍሬኑ መላላት ነው። ጋባ የሚባል ሴሎችን ዝም የሚያሰኝ ኬሚካል አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. እነ ሌቨንታል የሚባሉ ተመራማሪዎች ያረጁ ጦጣዎች ሴሎች ላይ ጋባ ሲጨምሩ፣ ሴሎቹ እንደ ወጣት መምረጥ ጀመሩ። ሞተው ቢሆን ኖሮ ከየት ይመጣ ነበር? እኔን ያጽናናኝ ይሄ ነው።

ባረጁ አይጦች የመስማት ክፍል ውስጥም ጋባ ይቀንሳል። ድምፅ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ደግሞ አንጎል ቀኝና ግራ ጆሮን ማነጻጸር አለበት፤ ፍሬኑ ሲላላ ይሄ ሊምታታበት ይችላል። ከፊራ ገበያ መሃል ስምሽን ቢጠሩሽ ከየት እንደሆነ ይጠፋሻል አይደል? ለሱም እንደዚያ ሳይሆንበት አይቀርም።

መጀመሪያ ግን ጆሮውን ለእንስሳት ሐኪም አሳዪ። አንዱ ጆሮ ብቻ ቢቆስል ወይም በኩክ ቢደፈንም አቅጣጫ ይጠፋዋል። ቤቱ ውስጥ መንገድ የሚስት፣ ሌሊቱን የሚንከራተት ከሆነም ንገሪያቸው፤ እሱ የሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ እኔን የረዳኝ ይኼ ነው። ሬዲዮ ዘግቼ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አንዴ ብቻ እጠራዋለሁ። ደጋግሞ መጥራት ያምታታዋል። ቀጭን ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ስለሚጠፋ ፉጨቱን ተውኩት፤ ድምፄን ወፈር አደረግኩ። እጄንም አወዛውዛለሁ። ተኝቶ ከሆነ በድንገት አልነካውም፤ ወለሉን በእግሬ መታ መታ ሳደርግ ንዝረቱ ይደርሰውና ቀና ይላል።

ሐኪሙ ጆሮውን አይቶ ምን እንዳለሽ እዚሁ ጻፊልኝ እሺ?