«ምን ጎደለሽ?» የሚባሉ ልጆች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስሙ በሚጠራ ቤት አድገው አሁን ውጭ አገር ከሚኖሩ ሰዎች የመጡ ናቸው። አንድ ላይ አነበብኳቸው፤ አንድ ላይ ልመልስ።

«ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት። አባቴ የእህል ነጋዴ ነበር። እንግዳ ሲመጣ በግ ይታረዳል። ማታ ግን እናቴን ይመታታል። የቡፌው ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ ስለሆነ ስኳር እንኳ ለምነን ነበር የምናገኘው። አሁን ካናዳ ነኝ። ለጓደኞቼ ሳወራ ‹አንቺ ደግሞ ምን ጎደለሽ? እኛ በባዶ እግራችን ነው የተማርነው› ይሉኛል። ዝም ልበል?»

አትበይ እህቴ። ጓደኞችሽ ስለራሳቸው የሚናገሩት እውነት ነው፤ ያንቺም እውነት ነው። ማን የበለጠ ተቸገረ ብለሽ አትከራከሪያቸው። ግን አንድ ነገር ላስረዳሽ። ችግረኛ ቤት ሚስት ስትጮህ ጎረቤት ይደርሳል። ባለሀብት ቤት ስትጮህ ግን ግቢው ሰፊ ነው፣ በሩም ይዘጋል። ከአባትሽ ያልተበደረ፣ እህል በዱቤ ያልወሰደ ጎረቤት ስንት ነበር? ሽማግሌ ቢላክ እንኳ ቁጭ ብሎ የሚበላው ያንኑ በግ ነው። ገንዘቡ እናትሽን አላዳናትም፤ ደራሽ አሳጣት። እናንተ ልጆቹም ገመና ጠባቂ ሆናችሁ ቀራችሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለይቶ ጠቅሶታል። ስለዚህ «የቤት ጣጣ» ብለሽ አታቃልይው፣ ወንጀል ነው። መጀመሪያ አብረውሽ ካደጉት እህት ወንድሞችሽ ካንዱ ጋር አውሪ። ቁልፉን የሚያስታውስ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። አማርኛ የሚችል የሥነ ልቦና ባለሙያ ካገኘሽ ደግሞ እሰየው። እናትሽን ግን እስክትጀምረው ድረስ አታስጨንቂያት።

«አባታችን ሞተ። ታላቅ ወንድሜ ቤቱንም ሱቁንም ይዞ ‹አንተ አሜሪካ ነህ፣ ድርሻ የለህም› አለኝ። ኑዛዜ አለ ይላል፤ አላሳየኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ለአባቴ እሱ ነበር ልጁ።»

ወንድሜ፣ ውጭ አገር መኖር ከውርስ አይነቅልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ኑዛዜ ካለም ያሳይህ። አባት ልጁን ከውርስ ሲነቅል ምክንያቱን እዚያው ኑዛዜው ላይ መግለጽ አለበት፤ እንዲሁ «ነቅዬዋለሁ» ቢል አይጸናም። ዜግነት ቀይረህ ከሆነ ይህንን ለጠበቃህ ከሁሉ በፊት ንገረው። ጊዜም አትፍጅ፤ በሕጉ አንቀጽ 1000 ላይ የውርስ ክስ ለማቅረብ የ3 ዓመትና የ15 ዓመት ገደቦች አሉ፣ ያንተን ጉዳይ ይነኩት እንደሆነ ጠበቃው ይየው። ውክልና በቅርብህ ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ትሰጣለህ፤ ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ስለዚህ «ይሽጥ፣ ይለውጥ» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ላይ ዝም ብለህ አትፈርም። ሽማግሌ መላክህ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ግን ቁረጥላቸው።

የደብዳቤህ ግማሽ ስለ ድርሻህ ሳይሆን አባትህ ታላቅህን አስበልጠው ስለመውደዳቸው ነው። እሱን ፍርድ ቤት አይፈርድልህም። የብሩን ጉዳይ ለብቻ፣ የልብህን ለብቻ ያዝ። ካቀላቀልካቸው ሱቁን ብታገኝ እንኳ አይበቃህም።

«አያቴ ቀወት ውስጥ ሰፊ መሬት ነበራቸው። በ1967 ተወሰደ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲብሰለሰልና ሲጠጣ፣ ንዴቱን እኛ ላይ ሲወጣ ኖረ። ጀርመን ለተወለዱ ልጆቼ ምን ልንገራቸው?»

እናቴ፣ ሁሉንም ይንገሯቸው። የየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ፤ ጭሰኝነትን አስቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ትርፍ ቤቶችም ተወረሱ። ባለርስት ሆኖ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ድንጋጤ አይደለም። ነገር ግን ያንን መሬት ያረሰውን ጭሰኛም ያንሱላቸው። ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን እየሰጠ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። ልጆችዎ ሁለቱንም ቤት ማወቅ አለባቸው። አባትዎን አዋጁ ጎድቷቸው ይሆናል፤ አዋጁን ግን እርስዎ አላወጡትም፣ ዱላው ለምን እርስዎ ላይ አረፈ? ይሄንንም ለልጆችዎ መንገር ይችላሉ። አያታቸውን ማዋረድ አይደለም።

«ለትንሣኤ አገር ቤት ልሄድ ነው። አባቴ ቤት ማደር አልፈልግም። ነውር ነው?»

አይደለም። ሆቴል ያዝ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጠዋት ወጥተህ ዶሮውን በልተህ ማታ መመለስም ትችላለህ። ለእናትህ ግን ከመሳፈርህ በፊት ደውለህ ንገራት፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ።